የሮብሌ ካርድ

ሁለት ልጆቹ ናቸው በባጃጅ አምጥተው
ከጠረጴዛዬ ፊት ያስቀመጡት ገፍተው።
«አባታችን ታሟል፤ ደብተርሽን ክፈቺ፣
ስሙን ፈልጊለት፣ የተማርሽው አንቺ።»

ስም፦ ሮብሌ። በእናቱ አፍ «ዝናብ ያለው» ማለት ነው።
ዕድሜ፦ ስድሳ አንድ።
ሥራ፦ ድሮ ለገሃር፣ ሐዲድ ጠጋኝ። አሁን፣ ባዶ ነው።
«ምልክቱ የጀመረው መቼ ነው?» ይላል ቅጹ፤
ቅጹ ጎርፍ አያውቅም፣ ንጹሕ ነው ገጹ።

ልጆቹ ነገሩኝ። ጠዋት ማታ፣ ዕለት ዕለት፣
ደቻቱ ዳር ይቆማል ደንገጎን ለማየት።
ከተራራው ጫፍ ላይ ጠቆር ካለበት
ወደ አሸዋው ይወርዳል፣ ውሃ ወደሌለበት፤
ሸራ ዘርግተው ሰልባጅ የሚሸጡትን፣
ሽንኩርትና ቲማቲም የደረደሩትን
«ተነሡ!» ይላል፤ «ውጡ!» ይላል፤
እምቢ ያለውን ሰው ዕቃውን ይሸከማል።
ባለፈው ሐሙስ የአንዷን ቲማቲም ከነሣጥኑ
ድልድዩ ላይ አውጥቶ አስቀመጠ፤ ፖሊሶች ሌባ ነው ብለው ሲይዙ፣
ባለቤቷ ስቃ፣
«አቦ ልቀቁት! እብድ ነው» አለች።
በዚህች ቃል ዳነ።

«ድምፅ ይሰማሃል?» አልኩት።
(በድሬ አንቱ የለም፣ ሽማግሌም አንተ ነው።)
«ይሰማኛል።»
«የማን?»
«የወንዙ።»
«ወንዙ እኮ ደረቅ ነው።»
«እሱን ነው የምልሽ። ዝም ሲል ነው የሚሰማው።»

ብዕሬ እዚያ ላይ ቆመ።
ኮሌጅ ሲያስተምሩን፣ «ከብዙው ከራቀ፣
ራሱን ካሠቃየ፣ ሌላን ካስጨነቀ፣
ታሟል በሉ» አሉን። ቀላል ነበር ፈተናው፤
የመጨረሻው ምርጫ «ሁሉም መልስ ነው» ነው።

ከብዙው?
በሰባት ሰዓት ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣
ከተማው በየፍራሹ በጎኑ ተኝቶ፣
ቅጠል እየቀነጠሰ ሚሊዮን ሲቆጥር፣
መርከብ ሲገዛ በሐሳብ፣ ለግድግዳ ሲያወጋ ምስጢር፣
አመሻሹ ላይ ደግሞ ምርቃናው ሲከዳው፣
መርከቡ ሰምጦበት፣ ቀርቶ ከነዕዳው፣
ለዚህ ካርድ አላወጣንም።
ካርድ የወጣለት በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ
ብቻውን ቆሞ ያየነው ነው፣ ሰማይ ሲያይ።

ራሱን ካሠቃየ?
«ትሠቃያለህ?» «ደመና ሲኖር።»
«ሰማዩ ሲጠራስ?» «እተኛለሁ። አንቺስ?»

እኔ?
እኔማ ደህና ነኝ።
ያ ሌሊት ካለፈ ወዲህ ምድር ቤት አልከራይም፤
ግማሽ ደመወዜን ፎቅ ይበላዋል፣ አላማርርም።
ጫማዬን ከበሩ ሥር አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሬ፣
መታወቂያዬን በፌስታል ጠቅልዬ ካንገቴ አስሬ፣
ደረጃውን በየማታው አሥራ ዘጠኝ ቆጥሬ
እተኛለሁ። «ጥንቁቅ ናት» ይለኛል ሰፈሬ።
ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ፣ ወንበሬም ጎማ አለው።
እኔ ወደ ላይ ያወጣሁት ራሴን ብቻ ነው፤
እሱ የሰው ቲማቲም።

ሌላን ካስጨነቀ?
«ሰው ይስቅብናል» አለ ትልቁ ቀስ ብሎ።
እፍረት ከቅጹ ላይ ቦታ የለውም፤ ግን እሱ ነው፣
የባጃጁን የከፈለው።
«ያኔ ማን ሞተበት?» ጠየቅኩ፣ ምክንያት ፍለጋ፣
አንዲት ሬሳ ባገኝ ካርዱን ልዘጋ።
«ማንም። የእኛ ቤት ዳገት ላይ ነው» አለ ትንሹ፤
«አንድ ድስት እንኳን አልወሰደብን።»

ማንም።
ለዚህ ምዕራፍ የለኝም።
ከራሱ ቤት ያልሞተን ሰው
ዓመት ቆጥሮ ለሚጠብቅ
ምን ተብሎ ይጻፋል?

የበሽታው ስም የሚለውን መስመር ዘለልኩት።
ከሥሩ «ክትትል ያስፈልጋል» አልኩ፣
ማን ማንን እንደሚከታተል ሳልጽፍ።

ልጆቹ ስልካቸውን ያያሉ።
በመስኮቱ ማዶ፣ ደንገጎ ራስ ላይ፣
የእጅ መዳፍ የምታህል ጥቁረት ነበረች።
ቀና ያልነው
እኔና እሱ ብቻ ነን።