ያቺ ጨው

ኮምቦልቻ ታች ሜዳው፣ ከሥጋ ፋብሪካ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ነጭ ዱቄት ስለካ።
ናይትራይት ነው ስሟ፤ ደፍረን ሳንጠራት
«ያቺ ጨው» እያልን ነው ዕድሜ ልክ ያማናት።
ቁንጥር ካነሰች ሥጋው ይገረጣል፤
ቁንጥር ከበዛች ሰው ይመረዛል።
አለቃ ወንድይፍራው ከበሩ ላይ ቆሞ
«በግራም ነው ነፍስ!» ይል ነበር ደጋግሞ።

ጡረታዬ ወጣ። ስኳሬም ወጣ አብሮ፤
ሌሊቱን ውሃ ጥም፣ እግሬን ጉንዳን ወሮ።
በወር አንድ ማክሰኞ ሐረጎን ስወጣ
ከሚኒባሱ መስኮት አያለሁ ጣጣ፤
ጥምዝምዙ መንገድ፣ የጭነት መኪና
ቁልቁል ሲንፏቀቅ፣ ሲጨስ በፍሬና።
«ደሜም እንዲህ ይሆን?» አልኩኝ በልቤ፣
ስኳር ጭኖ የሚዞር፣ እኔ ግን ተርቤ።

ጦሳ ጉም ለብሷል፤ ደሴም ያካፋል።
«የጾሙ ሁለት መቶ አሥር! አሁንም ይተርፋል»
አለች ሲስተር ጦይባ፣ ካርዴን እየገለጠች።
«ኢንሱሊን ቁልፍ ነው፤ በሩ ግን ዝጓል፤
አንኳኩቶ አንኳኩቶ ሰሚ አጥቶ ይውላል።
ጋሽ እንድሪስ፣ ምን ይበላሉ?»
«ጎመን» አልኩ። ሳቀች።
«ቆስጣስ? ቀይ ሥርስ?» ብላ ወንበር ሳበች።

«ቅጠሉ ከመሬት የጠጣው ናይትሬት
ምላስዎ ላይ ባሉ ደቂቅ ተሕዋስያት
ናይትራይት ይሆናል፤ ከዚያ ደም ውስጥ ገብቶ…»
እኔ ግን ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም ከቶ።
ናይትራይት? ያቺ ጨው? ያቺ የሚዛኔ?
በአፌ ስትሠራ ነው የኖረች ለእኔ?

«…የደም ሥር ታላላለች፤ ደም እንደ ልብ ያልፋል፤
ጡንቻም በሩን ከፍቶ ስኳሩን ያስገባል።
ታይቷል፣ ግን በአይጥ ነው» አለች ጣቷን አንሥታ፤
«በሰው ላይ ገና ነው፤ አንዴ አዎን፣ አንዴ ዝምታ።
መርፌዎን እንዳይተዉ።»
«ዱቄቷንስ?» አልኳት።
ዐይኗ ፈጠጠ።
«ዱቄቷ ትገድላለች! ቅጠል ነው ያልኩዎት!»

ወደ ኮምቦልቻዬ ቁልቁል ተመልሼ
ቦርከና ዳር ገባሁ፣ ጫማዬን በመስኖ አርሼ።
የመጀመሪያው ቀን ቀይ ሥር በልቼ
በማለዳ ሽንቴ ደም መስሎኝ፣ ፈርቼ
ስደውል ለጦይባ፣ ሳቋ አላቆመም፤
«ቀለሙ ነው ጋሼ፣ ምንም አልሆኑም!»

በወሩ ተለካሁ፤ መቶ ሰማንያ ስምንት።
ቅጠሉ ይሁን፣ መርፌው ይሁን፣
ወይስ በየማለዳው እስከ ቦርከና መሄዴ፣
አላህ ያውቃል። ጦይባም «አላውቅም» አለች፤
ያን ቃሏን ወደድኩት።

ዛሬም ከሞሚና መደብ
ጭቃው ያልረገፈ አንድ እስር ቆስጣ አንሥቼ
መዳፌ ላይ አኖርኩት፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ እንደ ድሮው።
ሞሚና አየችኝ።
«ምን ሆኑ? ቆስጣ በእስር ነው እንጂ
ማን በግራም ሸጦት ያውቃል?»
«እጄ ነው» አልኳት።
«እጄ ገና ጡረታ አልወጣም።»