ታንኳው አይሄድም

አጎቴ ኤገላፕ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣
ከባሕር የወጣ ነጭ ጠጠር መርጦ፣
ክብ አርጎ ደረደረው። "ይሄ ሁሉ ኮከብ፣
አንዱ ሲወጣ ነው፣ አንዱ ሲሰበሰብ።"
የኮኮናት ቅጠል ታንኳ አርጎ ከመሐል አኖረ፣
ጣቱን ቀስሮብኝ ቀስ ብሎ ተናገረ፦
"ይህን እንዳትነካው። ታንኳ አይሄድም ከቶ፤
ደሴቱ ነው እንጂ የሚሄድ ተነሥቶ።"

ሳቅሁኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሞተር አውቃለሁ፤
ዐረፋ ሲተፋ ወደ ኋላው አይቻለሁ።

በሚያዝያ ከሳታዋል ወጣን፤ አምስት ሰው፣ አንዲት ዶሮ፣
የዳቦ ፍሬ ሊጥ በቅጠል ተቋጥሮ።
መርከብ የወሰደው አባቴ ጉዋም ነው፣
የሆቴል አንሶላ አጣቢ፤ መንገዳችን ወደሱ ነው።

ማታ አጎቴ ይጋደማል፣ ጀርባው ታንኳው ሆድ ላይ፣
ማዕበሉን በጎኑ እየሰማ፣ ዐይኖቹ ሰማይ ላይ።
"ጋፈሩት አሁን ቬጋ ሥር ናት" ይላል፤
ያላያትን ደሴት በስሟ ይጠራል።
በሦስተኛው ሌሊት ከንስሩ ሥር አደረች፣
በአምስተኛው ዞራ አቅራብ ልብ ሥር ገባች።
እኛ? አንድ ቦታ ነን። ውሃው ነው የሚፈስ፣
ሌሊቱ ነው የሚያልፍ ጎናችንን ሲዳስስ።

በኮኮናት ቅርፊት ውሃ እየጨለፍሁ ጠየቅሁት፦
"አባባ ያኔ ሲሄድ፣ መርከቡ ላይ ቆሞ ሳየው፣
እሱ ነው ቆሞ የቀረ? እኛ ነን የሄድነው?
እኔ፣ እናቴ፣ ደጃፉ፣ ውሻው?"

አጎቴ ዝም አለ።
ገመዱን አላላ፤ መልሶ አጠበቀ፤
"ጭለፍ" አለኝ ቆይቶ፣ "ውሃው እግሬ ድረስ ዘለቀ።"

በሰባተኛው ጠዋት ወፍ መጣ፣ ሆዱ ነጭ።
ከዚያ ጉዋም መጣች። እንዲሁ። እየተንሳፈፈች፣
ፎቋን፣ አንቴናዋን፣ አውሮፕላኗን ይዛ ደረሰች፤
አባቴንም ይዛ፣ ጠጉሩ ሸበት ብሎ፣
ወደቡ ላይ ቆሞ፣ ዐይኑን በእጁ ከልሎ።

"መጣችሁ!" አለና ሊያቅፈኝ ተንደረደረ።
"አንተ ነህ የመጣኸው" ልለው ነበረ፤
ሲሚንቶው ተነሣብኝ፣ እንደ ማዕበል ናጠኝ፤
ትከሻውን ያዝሁት፤ ሳሙና ሳሙና ሸተተኝ።

ከኋላዬ ዶሮዋ ከታንኳው ዘልላ፣
ሁለት እርምጃ ሄዳ፣ ወደ ጎን አዘንብላ፣
ቆመች፤
ወደቡ እስኪቆም።