አልጋ ቁጥር ዐሥራ አራት

ከራይቹር ወዲያ፣ ከጥጥ ማሳው ማዶ፣
ነጭ ሕንፃ ቆሟል በኖራ ተጋርዶ።
ደጁን ስደገፈው ቀለሙ አልደረቀም፤
መዳፌ ላይ ቀረ፤ ማንም አልጠየቀም።
የቢጫ አበባ ጉንጉን አንገቴ ላይ ጣሉ፣
ዲኑ ባሳቫራጅ «ይግቡ፣ ይግቡ» አሉ።

እኔ የያዝኩት ቅጽ ስድሳ አራት ገጽ ነው፤
ሁሉም ጥያቄ ላይ «ስንት?» ነው የሚለው።
ስንት አስከሬን አለ? ስንት አጉሊ መነጽር?
በደመወዝ ስንት፣ በአካል ስንት መምህር?

የአናቶሚው መምህር ፊቱ አዲስ አልሆነኝ፤
ባለፈው ወር ቤላሪ፣ ሌላ ኮሌጅ ውስጥ፣ ያው ሰው ተዋወቀኝ።
ዐይን ለዐይን ስንጋጭ ሻዩን አቀበለኝ።

ዋርዱ ጢም ብሏል።
አንሶላው የሱቅ እጥፋቱን ገና አልለቀቀም።
ሦስት መቶ ሰው ተኝቷል፤ የሚያቃስት የለም።
እግራቸው ከአንሶላው ጫፍ ወጣ ብሏል፣
ተረከዛቸው ላይ የጥጥ ማሳው ጥቁር ጭቃ ደርቋል።
«ምንህን ያምሃል?» አልኩት ባለ ጥምጥሙን፤
ወደ ነርሷ ዞሮ ጠየቃት ሕመሙን።

ዐሥራ አራተኛው አልጋ፤ ሁሊገማ ትባላለች።
ካርዷ «ትኩሳት» ይላል። ግንባሯ ቀዝቃዛ ነው።
«ደህና ነኝ ጌታዬ፣ ምንም አይለኝም፤
ሳይ ብለውኝ ነበር፣ ሳሉ አልመጣልኝም።
ሦስት መቶ ሩፒ፣ ምሳም አለው ብለው፣
በትራክተር ጫኑን፣ ከአረሙ ነጥለው።
ትንፋሽ ነው የሚያጥረኝ፣ ደረጃ ስወጣ፤
እሱ ግን የራሴ ነው፣ ከቤቴ የመጣ።»

ማዳመጫዬን ጣልኩ ከግራ ጡቷ ሥር፤
አልላወስ ብሏል አንዱ የልቧ በር።
ደሙ ይገፋዋል፣ በሩ ያጉረመርማል፣
ራቅ ያለ ወፍጮ ሌሊት ሲፈጭ ይመስላል።

እጄ እዚያው ቀረ።
ሃያ ዓመት ሙሉ አልጋ ቆጥሬያለሁ፤
በስንቱ ኮሌጅ ደጅ ማኅተም መትቻለሁ?
ጆሮዬን ያዋስኩት ግን ስንቴ ነው? አላውቅም።

ከኋላዬ አንዲት ተማሪ ቆማለች፣ ሽራቫኒ፣ አራተኛ ዓመት።
ካባዋ ላይ የዋጋው ወረቀት ተንጠልጥሏል።
«ይህን ድምፅ ታውቂዋለሽ?»
«በቪዲዮ ሰምቻለሁ፣ ሰር።»
«በሰው ላይስ?»
ዲኑን አየች። ወለሉን አየች።
አባቷ ለዚህ ካባ የሸጠው መሬት
ከመስኮቱ ማዶ ይሁን አይሁን አልጠየቅኋትም።

ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቅዬ ጆሮዋ ላይ አኖርኩ።
መጀመሪያ ምንም።
ከዚያ ቅንድቧ ተነሣ፤
ከዚያ እጇ፣ ማንም ሳያዛት፣ የሴትዮዋን አንጓ ፈልጎ ያዘ።
«ምን አገኘሽ ልጄ?» አለቻት ሁሊገማ፣
ጠፍቶባት የቆየ ዕቃ እንደሚፈለግላት ሰው።
«ምሳው ይቀዘቅዛል» አሉ ዲኑ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ትራክተሮቹ ተነሡ።
አልጋዎቹ ተራ በተራ ጫማ አጠለቁ።
ባለ ጥምጥሙ ሲወጣ በእጁ ሰላም አለኝ፤
ሕመሙን ትራሱ ላይ ትቶ ሄደ።
ያልተነሣች አንድ ናት፤
አንጓዋ ገና በልጅቷ እጅ ውስጥ ነው።

ቅጹን ገለጥኩ፤ ለእሷ የሚሆን ዐምድ አጣሁ።
ማኅተሙ ኪሴ ውስጥ ከበደ፤ አላወጣሁትም።
በኅዳጉ ላይ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ አልኩ፦

አልጋ፦ ሦስት መቶ።
ታካሚ፦ አንድ።
መምህር፦ አንድ። እሷው።

በመኪናዬ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ወሰድናት፣
ሽራቫኒ ከኋላ፣ ትከሻዋን ደግፋ።
መንገድ ላይ ነው የነገረችን፦
ደላላው ሦስት መቶዋን ከልክሏታል፤
አልሳለችማ።