የሞራ ነጭ

ከጠባሴ መንገድ ዳር፣ ከጥበቡ ቀለም ሱቅ፣
ነጭ መግዛት ቀላል ነው ብዬ ሄድኩኝ ሳላውቅ።
አሥራ አንድ ነጭ አለው።
አሥራ አንዱንም ባልዲ በካቻቢቴ ከፍቶ፣
ካርቶን ላይ በጣቱ ጠቅ ጠቅ አርጎ ቀብቶ፣
«ይሄ የወተት ነው፤ ይሄኛው የአጓት፤
ይሄ የእንቁላል ቅርፊት፤
ክሬሙ ደግሞ ይኸው፣ ሙሽሮች የሚወዱት።
መስኮቱ በየት ነው?»
«በሰሜን» አልኩት።
ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

«በሰሜን ከሆነማ ደረቅ ነጭ ይቅርብሽ፤
ስሟ ደብረ ብርሃን ነው፣ እንዳያታልልሽ፤
የዚች ከተማ ብርሃን ብርድ ተሸክሞ ይገባል፤
ግድግዳሽ ይገረጣል፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤
ብርድ ልብስ ብትደርቢም ዓይንሽን ይበርደዋል።»

ይህንኑ ነው ያለችኝ እናቴ፣ በሌላ ቃል።

እናቴ አሰገደች ሃያ ስድስት ዓመት
ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሱፍ ነው የለየችበት፤
ነጭን ከነጭ ለይታ ነው እኛን ያበላችን፤
«ንጹሕ»፣ «ሐሞታም»፣ «ጭቃ የጠገበ» እያለች
የነጭን ስም በልጅነት ያስቆጠረችን።
ጡረታ ወጥታ ቤት ስትውል ዓይኗን ሞራ ጋረደው።
ጎረቤት ከንፈር መጠጠ፤
እሷ ግን ግድግዳውን ትዳብስና
«ቤቴ ሙቅ ነው» ትላለች፣ «እኔ ምን ጎደለኝ?»
እንዲያው ለማጽናናት ይመስለኝ ነበረ እኔን።

በታኅሣሥ ሐኪሙ ቀኝ ዓይኗን ሠራላት።
ፋሻው ሲነሳ ቀድማ እኔን አየችኝ፤
«ልጄ፣ ሸበትሽ እኮ!» ብላ አሳቀችኝ።
ከቤት ስንደርስ ግን ደፉ ላይ ቆመች፤
«ግድግዳዬን ማነው ሰማያዊ ያረገው?» አለች።
ማንም።
ያው የድሮው ነጭ ነው፤ ያው የድንበሩ እጅ ነው።

ለካ ያን ሁሉ ዓመት
ሞራው በዓይኗ ላይ እንደ ቅቤ ሲረጋ፣
የሰሜኑ መስኮት ለሷ ነበር በጋ።
እኛ ብርድ ስንጠጣ ከዚያው ቤት፣ ከዚያው ጓዳ፣
እሷ ጀንበር ትሞቃለች፣ ለማንም ሳትጎዳ።

ድንበሩ ተጠራ፤ ሸምግሏል፤ መሰላሉን ልጁ ይዞ።
አምስት ቦታ ቀባ፣ ሰፌድ ሰፌድ የሚያህል።
በጧት አየናቸው፤ በቀትርም አየን፤
መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ ሲመጣ በአምፖል አየን።
እናቴ ትፈርዳለች፦
«ይሄ የታመመ ጥርስ።
ይሄ ዝናብ ሲመታው ያደረ በግ።
ይሄኛው ቀን ደህና ነው፣ ማታ ሮዝ ይሆናል፤
ክሬም ያላችሁትም የሰው ሠርግ ይመስላል።»

ድንበሩ ቢጫ ጨመረ በጠብታ፣
ቡኒ በክብሪት እንጨት ጫፍ፣
ጥቁርም፣ ቅንጣት ታህል።
«ጥቁር?» አልኩት።
«ነጭ ብቻውን አይሞቅም፣ ትንሽ ጥላ ይፈልጋል።»

ያኔ ነው ያየሁት የሱፍ ለዪዋን ብልሃት።
ቀኟን በመዳፏ ከድና፣
ገና ባልተነካው በግራዋ
አሮጌውን ግድግዳ አየች፣ ብዙ ቆየች።
ደግሞ ግራዋን ከድና፣
በአዲሱ በቀኟ
እርጥቡን ቀለም አየች።
ወደዚያ። ወደዚህ።
እንደ ሚዛን።
ሁለት ዓይን አንድ ነጭ ላይ እስኪገናኝ።
«ይሄ ነው» አለች። «ቤቴ ይሄ ነው።»

«ክዳኑ ላይ ስም ጻፊበት፣ ሌላ ጊዜ እንዳይጠፋን»
አለኝ ድንበሩ። «ሞራ» ብዬ ጻፍኩ።
«ደግሞ በሞራ ቤት ይቀባል?» ብሎ ሳቀና
ሮለሩን ነከረ።

የግራ ዓይኗ ቀጠሮ ለግንቦት ነው።
ትናንት ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣
ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ እግሯን ዘርግታ፣
«ያውጡት እንግዲህ ያንንም» አለችኝ፤
«ግድግዳው ላይ አለልኝ።»