አንድ ስንዝር

ዙልሚራ አዋላጅ ናት፤ ፈረቃዋም ሌሊት፤
ከተማው ሲተኛ እሷ በር ከፋች ናት
ራሱን አስቀድሞ ለሚመጣ እንግዳ፣
ወይ እግሩን ላስቀደመ፣ ለገባው በጓዳ።
ሲነጋ ትወርዳለች በረጠበው ድንጋይ
በፖርቶ ቁልቁለት፣ ጉም ሲተኛ ወንዝ ላይ፤
ወንዙን ዱሮ ይሉታል፤ ዱሮ ስሙ ብቻ ነው፣
ውሃው የዛሬ ነው፣ ቀጠሮ ያለበት ሰው
ይመስል ይሮጣል ወደ ባሕሩ አፍ።
እሷም ትሮጣለች ትንሽ እንቅልፍ ለማትረፍ።

አንድ ማለዳ በሩ ሥር ደብዳቤ ጠበቃት፦
«ግድግዳው ሻግቷል፤ ወሩ ሳያልቅበት
ይቀባ። ነጭ ይሁን። ወጪውን እኔ እችላለሁ፣
ቀጠሮውን አንቺ።
ዶና ኤርሚንዳ፣ አከራይ።»

ቀጠሮውን አንቺ!
ቀንን ለማታውቅ ሴት ቀን ቁረጪ ማለት።
ቀቢው ከሦስት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ይሠራል፣
የእሷ ሌሊት ደግሞ በሦስት ይጀምራል።
ሰኞ ስብሰባ አለ፣ ማክሰኞ ሁለት ፈረቃ፣
ረቡዕ ባልደረባዋ ታማ በእሷ ተተክታ፣
ሐሙስ ዘነበና «እርጥብ ግድግዳ ቀለም አይዝም» አለ፣
ዓርብ ጥርሱን ሊያስነቅል ራሱ ቀቢው ቀረ።
ቅዳሜ?
«ቅዳሜማ የልጅ ልጄ ናት» አለ ሽማግሌው አዴሊኖ፣
በስልክ፣ ሳያፍር፣ አንዴ አስሎ።

«እንግዲያው ተኝቼ ግባ» አለችው።
ቁልፉ ከአበባው ማሰሮ ሥር።
ክፍሉ ሁለት ነው፤ በአንዱ ስትተኛ ሌላው ይቀባል፤
አልጋዋ ቀለሙን እየሸሸ ይዞራል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተያዩም።
ገና ባልተቀባው ግድግዳ ላይ በእርሳስ ይጻጻፋሉ፦

«የወንበሩን እግር የሰበርኩት እኔ አይደለሁም።»
«አውቃለሁ። ሾርባ አለ፤ ጨው ሳያንሰው አይቀርም።»
«ጨው አላነሰውም። ትናንት ስንት ተወለደ?»
«አራት። አንዱ በእግሩ መጣ።»
«እንደኔ ነዋ! እናቴ እስክትሞት ስትከሰኝ ኖረች።»
«ምጥ የያዛት ሴት ‹ቀለም ቀለም ትሸቻለሽ› አለችኝ።»
«አትጨነቂ። ይለቃል።»

በበነጋው ይኼ ሁሉ ከነጭ ሥር ይገባል።
ለሌላው ሰው ቀለም የማይረሳ ትምህርት ነው፤
ለአዴሊኖ ቀለም ማስረሻ ነው።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከመኝታ ቤቱ በር ጎን
ሻጋታውን ሲፍቅ፣ ከአራት ቀለም ሥር
ወጣች፦
ዚታ፣ አራት ዓመት። መስመር።
ዚታ፣ አምስት። ዚታ፣ ስድስት።
ዚታ፣ ሰባት።
ከዚያ በላይ ባዶ ግድግዳ ነው።

«ይህችን ምን ላድርጋት?» ብሎ ጽፎ ሄደ፤
ብሩሹን አጥቦ፣ በጊዜ።

ዙልሚራ ቆመች፣ ካፖርቷን ለብሳ፣ ሰዓቱ እየሄደባት።
ቤት ለቅቀው ይሆናል።
መለካት ሰልችቷቸው ይሆናል።
ወይም ደግሞ
(አዋላጅ ይህን ሦስተኛውን አትጨርስም)።
ሁሉም ሲጀምር በእሷ ሜትር ኀምሳ ሳንቲሜትር ነው፤
ከዚያ ወዲያ ማን ስንት ላይ እንደቆመ
ተመልሶ የሚነግራት የለም።
ግድግዳው የሰው ነው። ውሉ ነጭ ይላል። መያዣው የሁለት ወር ኪራይ ነው።
እርሳሱን አነሳች፦
«አንድ ስንዝር ተውላት።»

ተኝታ ስትነቃ ቤቱ ወተት ነበር፣
ከበሩ ጎን በቀር፤
እዚያ፣ ከልጅቷ በላይ፣ አዲስ ምስማር።
ከጎኑም በእርሳስ፦ «ካፖርትሽን እዚህ ስቀዪ።
ሾርባው እውነት ጨው አንሶት ነበር።»

ዶና ኤርሚንዳ እሑድ መጣች፤ ጣቷን በግድግዳው ላይ ጎትታ
«አሁን ገና ቤት መሰለ» አለች፣
ጃንጥላዋ ወለሉ ላይ እያንጠባጠበ።
በካፖርቱ አጠገብ አልፋ ወጣች።

አዴሊኖ ሌላ ቤት አለው፤ ዙልሚራም ፈረቃ አላት።
ማታ ማታ ካፖርቷን ከምስማሩ ታነሳለች፣
መብራቱን ታጠፋለች፣ ትቆልፋለች።
ሌሊቱን ሙሉ፣ ሰው በሌለበት ነጭ ቤት ውስጥ፣
ዚታ ቆማለች፣
ሰባት ዓመቷ፣
ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣
ተረከዟን ሳታነሳ።