ከበሮውን ሳስረክብህ

ና ተቀመጥ ታቂ፣ እዚህ ግንቡ ጫፍ ላይ፣
ሜዳው ካንተ በታች፣ ሁሉም እንዲታይ።
ረዥምና ጠባብ፣ እንደ ወንዝ የተኛ፣
ግራ ቀኙን አጥሮት የድንጋይ ዘበኛ።
ሩሯ ከአኻያ ሥር ተጠርባ የወጣች፣
በኛ በባልቲዎች «ፖሎ» የምትባል እሷው ብቻ ነበረች፤
ስሟን እንግዳ ሰው ይዞት ሄደና
ለጨዋታው ሁሉ አወጣው እንደገና።

ስድስት ፈረስ በዚህ፣ ስድስት ደግሞ በዚያ፤
ዳኛ የለም፣ ፊሽካ የለም፣ የለም ማስጠንቀቂያ።
ከቆላው ከተማ፣ ሣር ላይ የሚጋልቡት
አራት አራት ናቸው፤ ነጭ ሱሪ ለብሰው፣
በየሰባት ደቂቃው ፈረስ ለዋውጠው፣
«ሩሯ የሄደችበት መስመር የተከታዩ ነው፣
ያቋረጠ ጥፋቱ ነው» ብለው።
እዚህ ፈረስ አንድ ነው፣
ላቡ አረፋ ሆኖ አንገቱን እስኪያለብሰው።
መስመሩን ግን ተማር፤ ባይቀጡበትም
ጉልበት ከጉልበት ሲጋጭ አጥንት አይምርም።

አየኸው ሐስነይንን፣ ዳማው ላይ ያለውን?
አሁን ግብ ቢያገባ፣ ሩሯን አንስቶ፣
ከበትሩ ጋራ ባንድ እጁ ጨብጦ፣
ብቻውን ይጋልባል፤
መሐል ሜዳ ሲደርስ ሽቅብ ወርውሮ ይመታታል፣
ካፈር ሳትገናኝ፤ እድሜ ልኩን የሚያወራው ያንን ይሆናል።
ይሄኔ ነው የኛ ተራ።
ለሐስነይን ፈጠን፣ እንደ በረዶ በቆርቆሮ ጣራ፤
ለፊዳ ከበድ፣ አንድ ረግጠህ፣ አንድ ዘለህ።
ብትቀላቅል ወዮልህ።
ዓይነ ስውሯ ባኖ፣ ከአፕሪኮቱ ማዶ፣
ያገባውን የምትለየው በኔ ነው፣ ማንም ሳይነግራት ቀድሞ።

እኔ አንዴ ቀላቀልኩ። የፊዳን ግብ ለሐስነይን ሰጠሁ።
በጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይላሉ፤
ይቆጣል፤ እኔ አየሁ።
ፈረሱን አቁሞ በበትሩ ጫፍ ወጋው ከበሮዬን፤
ይኸው ጠባሳው፤ በጣትህ ዳስሰው፣ የፍየል ቆዳ ጥጋኔን።

አርባ ዓመት መታሁ። ከኛ ወገን ፈረስ ላይ የወጣ የለም፣
«ከበሮ መቺ ከመታ ይበቃዋል» ብሎን ዓለም።
አንድ ማታ ግን፣ ሰዉ ሲበተን፣
ባልደራሱ ዙልፊ፣ ወይ አዝኖልኝ ወይ ሊስቅብኝ፣
ዳማው ላይ ሰቀለኝ።
በትሩን ሰጠኝ። ሰነዘርኩ፣ ሳትኩ።
ሰነዘርኩ፣ ሳትኩ። ሦስተኛው የፈረሱን ቁርጭምጭሚት ነካ፤
እሱም ዞሮ አየኝ፣ በዓይኑ እየለካ።
በአራተኛው ሄደች፣ በግቡ ድንጋዮች መሐል እንደ አይጥ ሾልካ።
በትሬን አንስቼ ጠበቅሁ።
ምንም።
ወንዙ ብቻ።
ለካ እኔ ስጋልብ መቺ የለም።
ዳማውም ጆሮውን አቁሞ ነበር፣
የለመደውን ሲጠብቅ።

አላዘንኩም፤ ማለቴ፣ ብዙ አይደለም።
አሁን ስማኝ፦ ጧት ሜዳ ሳትወርድ ቆዳውን ፀሐይ ላይ አሙቀው፤
ደመና ከሆነ በምድጃ ዳር፣ ግን ራቅ አድርገህ ነው።
ሐስነይን ልጅ አለው፤ ዘንድሮ ይገባል፤ ዜማ የለውም ገና።
ፈልግለት፤ ፈረሱን እያየህ፣
ልጁን ተወውና።