ጸደቀ

ሲየርሶ ይሉታል፣ ኮፍያ የሚነጥቅ የሳራጎሳ ነፋስ።
እሱ መስኮት ሲደበድብ፣ እኛ በሞቀ ክፍል ስለ ዛፍ ስንካሰስ
መሸ። እጅ ተቆጠረ፤
አሥራ ስድስት ለአሥራ አምስት፣ በአንዲት እጅ ተሻገረ።
በጀቱ ጸደቀ።
እኔ የሂሳብ ሹሙ ማኅተሜን በትንፋሼ አሙቄ
መታሁበት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ወጣሁ፣ በገዛ እጄ ተደንቄ።

አራት መቶ ችግኝ። ለጉድጓድ ቆፋሪ፣ ለድጋፍ እንጨቱ፣ ለማሰሪያው ገመድ፣
ለሪባን፣ ለመቀስ፣ ለከንቲባዋ አካፋ፣ አፈር ለማይለምድ፣
ለፎቶ አንሺው ምሳ፤
ሁሉም ኮድ ነበረው፣ ሁሉም የራሱ መደብ፤
መዝገቤን ግለጡት፣ እንደ ዳዊት ጥርት ብሎ የሚነበብ።

በመጋቢት ተከልን።
"የምንጮች ሰፈር" በሚሏት፣ ምንጭ አይታ በማታውቅ መንደር፣
ልጆች ለየችግኙ ስም አወጡ፤
አንዱን "ጎል ጠባቂ" አሉት፣ ብቻውን ስለቆመ ከዳር።

ሐምሌ ገባ፤ ዝናብ የማያውቅ ሐምሌ፣
አስፋልቱ ጫማ ይዞ የሚያስቀር።
ስልኬ ጮኸ። "ልጄ፣ ኤንግራሲያ ነኝ፣ ከአራተኛ ፎቅ።
እነዚህን ዛፎች ጠምቷቸዋል፤ አንድ ሰው ንገር።"
"ይጠብቁኝ" አልኳት። መዝገቡን ገለጥኩ፤ ላይ ወጣሁ፣ ታች ወረድኩ፤
ጉድጓድ አለ፣ ገመድ አለ፣ ምሳ አለ፤
ውሃን ግን አጣሁት፣ ደግሜ ብፈልግም ያው አጣሁት፣ ስልኩን ዘጋሁ፣ አፈርኩ።

ካፒታል በጀቱ ይተክላል እንጂ አያጠጣም፤
መደበኛው ደግሞ ርክክብ ያልተፈጸመለትን ንብረት
በዓይኑ አያይም፣ በጆሮው አይሰማም።
ርክክቡ በመጪው ጥር ነው።
እስከ ጥር ድረስ ዛፍ ዛፍ አይደለም፣ እንደ መመሪያው።
ደብዳቤ ጻፍኩ። "ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል" አለኝ መልሱ፤
ግርጌው ላይ ያለውን ማኅተም አየሁት፤ የእኔው ነው፣ እሱ ራሱ።

በነሐሴ መጨረሻ ሙታን ቆጥረህ ና ብለው ላኩኝ።
ሁለት መቶ ስድሳ አንድ፣ ቆሞ ደርቋል፤
ቅጠሉን ብነካው
እንደ አሮጌ ደረሰኝ በመዳፌ ላይ ተፈረፈረብኝ።

ጥጉን ስዞር ግን ቆምኩ።
አሥራ አንድ ዛፍ፣ አረንጓዴ፣ ያለማንም ፈቃድ።
"ጎል ጠባቂ" ከዳር፣ ከነሙሉ ቅጠሉ፤
ከበላዩም ባልዲ ሲወርድ በልብስ ማስጫ ገመድ፤
ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ፣ የቀዘቀዘ፣ ጨው ያልገባበት።
የሌሊት አውቶቡስ ነጂው ዶሪን፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ፣ ተቀብሎ ከሥሩ ደፋለት።
ቫሌሮም ከመጠጥ ቤቱ የቀለጠ የቢራ በረዶ ይዞ ወጣ፤
ማንም ቃለ ጉባኤ አልያዘ፣ ማንም እጁን አላወጣ።

"የስልኩ ሰውዬ አንተ ነህ?" አለችኝ ከሰገነት።
"እኔ ነኝ። በጀቱ እኮ ጸድቆ ነበር፣ እማማ።"
ዝም አለች። ገመዱን እየሰበሰበች፦
"እሱማ ጸደቀ፤ ኩነኔው ነው ለዛፎቹ የተረፈው" አለችና
ባልዲውን እንደገና ላከች። "በል ያዝ" አለች።
ያዝኩ።
ክራባቴ ራሰ።

በጥር ኦዲተሩ መጣ። መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ስቦ
በቀይ ጻፈ፦
"አሥራ አንድ ዛፍ በሕይወት ተገኝቷል።
የውሃ ወጪ ግን በመዝገብ የለም። ይብራራ።"

ውጭ ሲየርሶ ያፏጫል።
ከማብራሪያ ቅጹ ላይ አንዲት ባዶ ሳጥን አለች፣ "ምንጭ" የምትል፤
በጠባብነቷ የገንዘብ ስም ብቻ እንድትይዝ የተሠራች ትመስል።
ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ።
ከዚያ ጻፍኩባት፦
አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው በር።